መምህርት እልፍነሽ እና የጅቡቲዋ ዘመድ

መምህርት እልፍነሽ ሠላሳ ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ አሥራ አራቱን ተወልደው ባደጉበት ግራና፣ የቀረውን መርሳ። ጡረታ ሲወጡ «እንግዲህ ይረፉ» ያላቸው ሰው ሁሉ እሳቸውን አያውቅም ማለት ነው። ባላቸው ብርሃኑ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ሲሞት ወልድያ ላይ ሁለት ክፍል ቤትና ሰፊ በረንዳ ትቶላቸዋል። እሳቸውም በረንዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉና ከውጭ አገር መጥተው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስጠናት ጀመሩ።

ልጆቹ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ከደቡብ ሱዳን፣ አንዱ ከሶማሊያ፣ አንዷ ደግሞ ዳናይት የምትባል ኤርትራዊት ስደተኛ። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው ከተናገረው ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ለፈተና ቀን ይገምቱታል። መምህርት እልፍነሽ ግምት አይወዱም። «ቋንቋ ማለት መደጋገም ነው» ይላሉ። «በቀቀን የሚችለውን ሰው የማይችልበት ምን ምክንያት አለ?»

በዚያ በረንዳ ላይ የእናት ቋንቋ ክልክል ነው። ትምህርቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ቆሎ ይታደላል፤ በአገሩ ቋንቋ ያመለጠው ሰው ከቆሎው ቆንጥሮ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ረጅሙ የደቡብ ሱዳን ልጅ የመጀመሪያውን ወር አንድ ፍሬ ሳይቀምስ ነው የጨረሰ። ዳናይት ግን ቆሎዋ ጎድሎ አያውቅም። መምህርቷ ይህን ጉብዝና አሉት። ዝምታ መሆኑን የተረዱት በጣም ዘግይተው ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ብለው አዘዙ። ዳናይት ከአገሯ ከአንድ ወንድሟ ጋር እንደወጣች፣ እሱ ትግራይ ውስጥ ባለው የስደተኞች ካምፕ እንደቀረ፣ እሷ የትምህርት ዕድል አግኝታ እንደመጣች ጻፈች። መምህርት እልፍነሽ ሁለት የፊደል ስሕተት አርመው ከአሥር ዘጠኝ ሰጧት። ስለ ወንድሟ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ የዚያ ቀን ሥራቸው እንግሊዝኛው ነበር።

ይህ በሆነ በወሩ ጦርነቱ ተነሣ። ሐምሌ 2013 ላይ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተማሪው ሁሉ ወደየመጣበት ተበተነ። ደቡብ ሱዳኖቹ ጋምቤላ ዘመድ ነበራቸው፤ ሶማሌው ወደ ጅጅጋ ሄደ። ዳናይት አንዲት ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆመች። አገሯ ሸሽታው የመጣችው አገር ነው፤ ካምፑ ጦርነቱ መሐል ነው።

«ቲቸር፣ ወዴት ልሂድ?» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

መምህርት እልፍነሽ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበሏት። «ግራና» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዳናይት የአፍ መፍቻ ትግርኛ ነው። በዚያ ሰሞን ወልድያ ውስጥ ትግርኛ ከአፏ ከወጣ የአገሬው ሰው ከሚመጣው ጦር ጋር ይደምራታል፤ የሚመጣው ጦር ደግሞ ኤርትራዊት መሆኗን ካወቀ እሱም የራሱ ቂም አለው። ከሁለቱም ወገን ማን ቀድሞ ቢያውቃት ለእሷ ያው ነው። ስለዚህ ማንም ማወቅ የለበትም።

ከወልድያ መርሳ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ሲሄዱ መምህርት እልፍነሽ በጆሮዋ ሹክ እያሉ ዘመድ ፈጠሩላት። ስሟ ሶስና ሆነ። የሟቹ የብርሃኑ የእህት ልጅ ሆነች። እናቷ ጅቡቲ ሄዳ እዚያው አግብታ የቀረች፣ ልጅቷም እዚያው ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋ የተሰባበረው ለዚህ ነው። ብርሃኑ በሕይወቱ ጅቡቲ ያላደረገው ነገር እንደሌለ ግራና ሁሉ ስለሚያምን፣ ውሸቱ መሬት የያዘ ነበር። ሲሪንቃ ሲደርሱ ዳናይት እስከ አያቷ ተምራለች። መርሳ ሲወርዱ እስከ ሰባት ቤት ወጥታዋለች።

ግራና ወላጆቻቸው የተዉላቸው ቤት በገቡ በማግሥቱ ጎረቤታቸው ሐጂ ሲራጅ ሊጠይቋቸው መጡ። ሐጂ ሲራጅ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በዚያ ቀበሌ ያልዳኙት ጠብ፣ ያልመረቁት ሠርግ የለም።

«አንች ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ዳናይት ተነሥታ ቆመች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ እናቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያለች እስከ ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። መምህርት እልፍነሽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ወጡት፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳተችም።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ ሲራጅ። ሻያቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ። በር ላይ ሲደርሱ መምህርት እልፍነሽን ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሏቸው፤

«እልፍነሽ፣ የኔ ልጆች እዚሁ ተወልደው የአያታቸውን አባት አያውቁም። የጅቡቲ ልጅ እስከ ሰባት ቤት እንዲህ ስትወጣው ሰው ምን ይላል? ትንሽ አስረሺያት እንጂ።»

  መምህርት እልፍነሽ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ተማሪያቸው ከመጠን በላይ አወቀ ተብሎ የተወቀሱት ያኔ ብቻ ነው። ከሐጂ ሲራጅም በላይ ያናደዳቸው እውነታቸውን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ማስረሳት ሆነ፤ ሦስተኛው ቤት ላይ መደናቀፍ፣ «እንጃ፣ እማየን ነው መጠየቅ» ማለት፣ ሲጠሯት ዘግየት ብሎ መዞር። ይኸኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ከብዷት ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ ወልድያ ተያዘች፤ መርሳና ግራናም ተከተሉ። መስከረም ላይ አንድ ቀን ሦስት ታጣቂዎች የሚበላ ፍለጋ ከቤቱ ገቡ። ዳናይት መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ታጣቂዎቹ እርስ በርሳቸው በትግርኛ ሲነጋገሩ መምህርት እልፍነሽ ሁለት ሦስት ቃል ከመያዝ በቀር አልገባቸውም። ዳናይት ግን ሁሉም ይገባታል። መምህርቷ ጣቷን ጣቷን ያዩ ነበር። ጣቷ አልቆመም። ጠጠሩን ወደዚህ፣ ምስሩን ወደዚያ፣ ልክ ከብት ሲጮህ እንደሰማች ነገር። ትንሹ ታጣቂ በድንገት ዞሮ በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቃት። ቀና ብላ አየችውና፣ ወደ መምህርቷ ዞራ «ምን አለኝ?» አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ከጅቡቲ የመጣች ናት፤ ፈረንሳይኛ ነው የምታውቅ» አሉ መምህርት እልፍነሽ።

ታጣቂው ሳቅ ብሎ ትቷት፣ ያገኙትን እንጀራ ይዘው ወጡ። መምህርት እልፍነሽ ከኋላቸው በሩን ዘጉና «መቶ ከመቶ» አሏት፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ዳናይት ግን ምስሩን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣችና አስመለሳት።

«ምን ነበር የጠየቀሽ?» አሏት ውሃ እየሰጧት።

«ስሜን» አለች። «ለጓደኛው ደግሞ እህቴን ትመስላለች አለው።»

በእነዚያ ወራት እህል አልነበረም። ገበያው ተዘግቷል፤ ወፍጮ ቤቱ ነዳጅ የለውም። እነ መምህርት እልፍነሽን ያቆመቻቸው የልጅነት ጓደኛቸው ብዙነሽ ናት። ብዙነሽ ከጉድጓድ ያወጣችውን ማሽላ ከራሷ አፍ እየቀነሰች ታካፍላቸዋለች። አንድያ ልጇ ሮቤል መምህርት እልፍነሽ ከፊደል ጀምረው ያስተማሩት ነው፤ ጦሩ ሲመጣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጠመንጃ ይዞ ወደ ተራራው ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ብዙነሽ ልጅ የለመደ እጇ ሥራ ፈታባትና ዳናይት ላይ አረፈ። ማሽላ በእጅ ወፍጮ መፍጨት ያስተማረቻት እሷ ናት። «ሶስናየ፣ ሆድየ» ትላታለች። አንድም ቀን የማን ልጅ ነሽ አላለቻትም።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቅቆ ወጣ። ሰው ደስታውን ሳይጨርስ ሁለት ነገር ተከተለ። አንደኛው መርዶ ነው። በየቀኑ ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች አንድ በር ያንኳኳሉ። ሁለተኛው ፍተሻ ነው። ከተራራው የተመለሱት ልጆች ሰርጎ ገብ ቀርቷል እያሉ ፀጉረ ልውጥ ሁሉ ይጠይቃሉ። የእነሱ አለቃ ዓለምነህ የሚባል የሮቤል ባልንጀራ ነው። መምህርት እልፍነሽ የአዲስ አበባ መንገድ ተከፍቶ ዳናይትን በዚያ እስኪልኩ ድረስ ከቤት እንዳትወጣ ከለከሏት። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀራቸው።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሲራጅና ሁለት ቄሶች ጎሕ ሲቀድ የብዙነሽን በር አንኳኩ።

«ለቅሶ አትሄጅም» አሏት መምህርት እልፍነሽ። «ዓለምነህ እዚያ ነው የሚውል።»

«አብልታኛለች» አለች ዳናይት። ከዚህ ሌላ ክርክር አላመጣችም፤ ነጠላዋን ፈልጋ አነሣች።

መምህርት እልፍነሽም ቢሆኑ ያውቁታል። ብዙነሽ ልጅ ሞቶባት ያቺ ልጅ ካልታየች፣ ከመታየቷ ይልቅ መቅረቷ ይወራል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አደረጉ፤ አስጠኗት። ነጠላውን አፍሽ ላይ አድርጊ፣ ትከሻሽን ብቻ ነቅንቂ፣ ድምፅ አታውጪ አሏት። ምናልባት ዝም ማለት ካስነወረሽ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» በይ፤ ለወጣት ሟች የሚባለው እሱ ነው።

«በይ እስቲ።»

«ወንድሜ» አለች ዳናይት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጠበቅ አድርጊው። ድገሚው።»

አሥር ጊዜ አስደገሟት። በስድስተኛው ድምጿ ጠፋ፤ መምህርት እልፍነሽ ልምምድ ያነሳት መሰላቸው።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ሬሳ የለም፤ ሮቤል የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። በሬሳው ፋንታ ሸሚዙን ሰሌን ላይ ዘርግተውታል። የግራና አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ዓለምነህ ከወንዶቹ ጋር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። መምህርት እልፍነሽ ዳናይትን ከኋላ፣ ምሰሶው ሥር አስቀምጠው ከፊቷ ተቀመጡ፤ ወፈር ማለታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ።

አልቃሿ ወንድም የሌለው ወንድም አገኘ፣ ወንድም የነበረው አጣ የሚል ነገር አነሣች። ከመምህርት እልፍነሽ ጀርባ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ጩኸት።

«ወይለይ ሓወይ» አለች ዳናይት። «ሓወይ፣ ሓወይ።»

ነጠላው ወድቋል። ደረቷን እየመታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ማንም ያላስተማራትን የወንድም ለቅሶ በእናቷ ቋንቋ ታወርደዋለች። ወልድያና ቆቦ ገበያ የዋለ ሰው ትግርኛ ሲሰማ አይስተውም። ሙሾው ቆመ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ከሁሉም መጨረሻ ዳናይት ራሷ ዝም አለች፤ ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት።

ዓለምነህ ተነሣ። «እትየ እልፍነሽ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

መምህርት እልፍነሽ ጅቡቲን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣ አላቸው። የሮቤል ሸሚዝ ፊት ለፊታቸው ነው፤ አንገትጌውን ያውቁታል።

«የብርሃኑ ዘመድ አይደለችም» አሉ። «ተማሪየ ናት፤ ኤርትራዊት ናት። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። የምትጠይቁትን እኔን ጠይቁ።»

«አምስት ወር ሙሉ?»

«አምስት ወር ሙሉ።»

«ተነሺ» አላት ዓለምነህ ዳናይትን። ከወንዶቹም ሁለት ሦስት ተነሡ። መምህርት እልፍነሽ የልጅቷን እጅ ያዙ፤ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ግን አያውቁም ነበር። በጣም ፈሩ።

«ዓለምነህ» አለች ብዙነሽ። ድምጿ በለቅሶ አልቆ ሹክሹክታ ሆኗል፤ ዳሱ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማት። «ይህ ቤት የማን ነው?»

«የአንቱ ነው፣ እማየ።»

«ለቅሶውስ?»

«የአንቱ።»

«እንግዲያ ቁጭ በል። እቤቴ የምጠይቅ እኔ ነኝ።»

ጥቂት ቆሞ ተቀመጠ። ብዙነሽ ዳናይትን በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ በሰው መሐል አልፋ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«ያለቀስሽ ማንን ነው?»

«ወንድሜን።»

«ሞቷል?»

«አምና። ካምፑ ውስጥ ጦርነት ገባ። ጓደኛው ደውሎ ነገረኝ።»

«ማን ገደለው?»

ዳናይት ራሷን ነቀነቀች። «አላውቅም። እሱም አያውቅም።»

«የት ተቀበረ?»

«አላውቅም።»

«የተቀመጠለት አለ?»

ዳናይት አልገባትም። ብዙነሽ ዳሱን፣ ሰሌኑን፣ ሰዉን በእጇ እያሳየች «እንዲህ፣ እንደኛ» አለቻት።

«የለም» አለች ዳናይት። «ለማንም አልተናገርኩም።»

መምህርት እልፍነሽ ጠዋት አሥር ጊዜ ያስደገሟት ቃል ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። ጠበቅ አድርጊው ያሉትም ትዝ አላቸው። ከሰው ሁሉ ፊት አፈሩ፤ ካፈሩበትም ነገር ውሸቱ ትንሹ ነበር።

ብዙነሽ የሮቤልን ሸሚዝ ከሰሌኑ ላይ አነሣች። እጅጌውን አጣጥፋ፣ ፈታችው፣ መልሳ አጣጠፈችው። «የኔም የት እንደወደቀ አላውቅም» አለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ቀና አለች። «ስሙ ማን ነበር?»

«ምሕረትኣብ።»

«ምሕረታብ» አለች ብዙነሽ፤ ሞከረችው። አልተስተካከለላትም፤ ደገመችው። «ምሕረትኣብ።» ወደ አልቃሿ ዞረች። «ሰምተሻል። አንሺው።»

አልቃሿ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ትልቅ ሴት ናት፤ በዕድሜዋ ሙሉ የማታውቀውን ሰው በሙሾ አንሥታ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና ጀመረች፤

«ሮቤል ብቻህን ሄድህ ብዬ ሳዝን ኖሬ፣
ምሕረትኣብም አለ ለካስ አብሮህ ዛሬ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ቀጥሎ ሁሉም። ዳናይት ግንባሯን መሬት ላይ አድርጋ በፈለገችው ቋንቋ አለቀሰች፤ ማንም ዞሮ አላያትም። ዓለምነህ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከቀትር በኋላ ሐጂ ሲራጅ ከመስጊድ ሰዎች ጋር ተመልሰው መጡ። ሰሌኑ ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ሸሚዝ መሐላቸው ሆኖ አገኙ። አንዷን አዩ፣ ሌላይቱን አዩ።

«ብዙነሽ፣ ለማን ነው አላህ ያጽናሽ የምንለው?»

«ሁለት ናቸው፣ ሐጂ» አለች ብዙነሽ። «የኔ ሮቤል ነው። የእሷን ስም ከራሷ ስሟት።»

መጥተው የገቡት ሁሉ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ስሙን እየጠየቁ፣ እሷም እየነገረች ሰነበቱ። መምህርት እልፍነሽ ከጎኗ አልተነሡም። ሁለት ዓመት አስጠንተዋታል፤ የወንድሟን ስም የሰሙት ግን ከለቀስተኛው ጋር እኩል፣ በዚያ ቀን ነው።